ክትትል ላይ ነኝ

አማርኛ ባንተአምላክን አይወደውም። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁለት። ሰው በጠባዩ ወይም በድህነቱ ሲጠላ አይቻለሁ፤ በቃል ምክንያት ሁለት ጊዜ ከአንድ በር የተመለሰ ግን ከእሱ በቀር አላውቅም።

የመጀመሪያው ባለፈው ሰኔ ነበር። ባንተአምላክ የባለ ሰሊጡንና የባለ ትራክተሩን የአቶ አዱኛን ልጅ ውቢትን ለማግባት ሽማግሌ ላከ። የሽማግሌዎቹ መሪ ሐጂ ሐሚድ ነበሩ፤ መተማ ዮሐንስ ውስጥ ጨርቅ ሲሸጡ አርባ ዓመት የሞላቸው፣ ከሸጡት ጨርቅ ያስታረቁት ሰው የሚበዛ ሽማግሌ። አቶ አዱኛ በወጉ ተቀበሏቸውና የልጁን ሥራ ጠየቁ። ሐጂ ሐሚድ ባንተአምላክ ያስጠናቸውን አንዲት ቃል ሳያዛንፉ፣ "የቅኝት ባለሙያ ነው" አሉ።

አቶ አዱኛም፣ "የማሲንቆ ነው የክራር?" ብለው ጠየቁ።

ሐጂ ሐሚድ ስለ ጨርቅ እንጂ ስለ ጤና ቢሮ የሚያውቁት ነገር የለም። አሰብ አደረጉና ሁለቱንም ሳይችል እንደማይቀር ተናገሩ። አቶ አዱኛም ልጃቸውን ለአዝማሪ እንደማይድሩ በጨዋ ደንብ ነግረው ሽማግሌዎቹን የቀረበላቸውን ቀይ የከርከዴ መጠጥ ሳይጨርሱ ሸኟቸው።

ነገሩን ለማስረዳት ክረምቱ በሙሉ አለቀ። በጤና ሰዎች ቋንቋ ቅኝት ማለት በሽታ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ማየት ነው። ባንተአምላክ ከመተማ፣ ከአብደራፊ፣ ከአብርሃ ጅራና ከሳንጃ በየሳምንቱ ቁጥር ይሰበስባል፤ ስንት ሰው ለኤችአይቪ ተመረመረ፣ በስንቱ ላይ አዲስ ተገኘ፣ ነዋሪ ነው ወይስ ለአጨዳ የመጣ። ስም አይሰበስብም፤ ክልክል ነው። ቁጥሮቹን ቢሮው ግድግዳ ላይ በለጠፈው ትልቅ ወረቀት መስመር አድርጎ ይስላቸዋል። መስመሩ ሲወጣ ፊቱ ይጠቁራል። ሲወርድ ደግሞ ሌላው ሲያጨበጭብ እሱ ይበልጥ ይጠቁራል። ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይቶ ይገባችኋል።

አቶ አዱኛ አዝማሪ አለመሆኑን ካመኑም በኋላ ፊታቸው አልተፈታም። ባንተአምላክ ከአሥር ዓመት በፊት ከጎጃም ለአጨዳ የወረደ የቀን ሠራተኛ፣ በአገሩ ቃል ሳሉግ ነበር። ያጨደውም የእሳቸውን ማሳ ነው። በክረምት እየተማረ፣ በመኸር እያጨደ ነው ለዚህ የበቃው። አቶ አዱኛ ይህን በአፋቸው ያደንቃሉ። ልጅ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው።

ውቢት የአባቷን የትራክተር መለዋወጫ መደብር የምትመራ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። ቺንጊያ በዓይኗ ለክታ ቁጥሩን ትናገራለች፤ ኩሽኔታ ጆሮዋ አጠገብ አሽከርክራ መሞቱን ታውቃለች። ሹፌሮቹ በሙሉ ይፈሯታል። ባንተአምላክ ከሁለት ዓመት በፊት ለሞተር ብስክሌቱ አንዲት ብሎን ሊገዛ ሲገባ፣ ካጎነበሰችበት ሳጥን ቀና ብላ አየችው። በቃ፣ የሆነው ይኸው ነው። ሰውየው ብሎኗን ይዞ ወጣና ሞተሩን የት እንዳቆመ ጠፋው።

ከዚያ ወዲህ በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ ብሎን ይጎድልበት ጀመር። ሞተር ብስክሌት ያን ያህል ብሎን ከፈለገ ቀድሞም ሞተር ብስክሌት አልነበረም ማለት ነው። እሷም አንድ ቀን ለምን ብላ አልጠየቀችውም። ብሎኗን በወረቀት ጠቅልላ ስትሰጠው ጣቶቿ አንድ አፍታ ይዘገያሉ፤ እሱም ያችን አፍታ ይዞ ሦስት ሳምንት ይኖርባታል።

በመስቀል ማግስት ደብዳቤ ለመጻፍ ቆረጠ። ሽማግሌዎቹ በሳምንቱ እሁድ ዳግመኛ ሊሄዱ ቀጠሮ ይዘዋል፤ እሷ ግን የልቡን ከራሱ ሰምታ አታውቅም። ችግሩ ይህ ሰው በሕይወቱ ከሪፖርት በቀር ጽፎ አያውቅም። የመድኃኒት ክፍሏ ባልደረባው ሪሐና በእጁ እንዲጽፍ መከረችው፤ በእጁ ጻፈ። ምን እንደሚጽፍ ግን አልመከረችውም፤ እስከ ዛሬም ይቆጫታል። ደብዳቤው እነሆ፦

"ለውቢት አዱኛ፣

ጉዳዩ፦ ስለ ራሴ ሁኔታ ማሳወቅን ይመለከታል።

ክትትል ላይ ነኝ። ከጀመርሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በራሴ ፈቃድ አንድም ጊዜ አላቋረጥሁም። በመጀመሪያ ማመን አቅቶኝ ነበር፤ አሁን ተቀብየዋለሁ። የዕድሜ ልክ መሆኑንም ተረድቻለሁ። አልፎ አልፎ የእንቅልፍ ማጣትና የምግብ ፍላጎት መቀነስ ይታይብኛል፤ ከዚህ በቀር ደኅና ነኝ። ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔው ብትሰሚው ይሻላል ብየ ነው። አውቀሽ ብትቀበይኝ ደስታየ ወሰን የለውም። ባትቀበይኝም ክትትሌን አላቆምም።

ከሰላምታ ጋር፣ ባንተአምላክ።

ግልባጭ፦ ለማንም።"

ሁለት ጊዜ አነበበውና ከዚህ የበለጠ የፍቅር ደብዳቤ ቆላው አይቶ እንደማያውቅ እርግጠኛ ሆነ። ብሎን ሲገዛ የመለዋወጫዎች ቁጥር የተዘረዘረበት መጽሐፍ ውስጥ ሸጉጦላት ወጣ። ቀኑን ሙሉ እየሳቀ ስለዋለ የቢሮው ሰዎች ወባ ይዞት እንደሆነ ጠየቁት።

ውቢት ደብዳቤውን ያነበበችው የዘይት ማጣሪያዎቹ ከተደረደሩበት ጀርባ ቆማ ነው። እኔና እናንተ ምን ሊል እንደፈለገ እናውቃለን፤ ሁለት ዓመት የሚከታተለው እሷን ነው። እሷ ግን የመተማ ልጅ ናት። በመተማም ሆነ በጎንደር፣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ክትትል ላይ ነኝ" ካለ አንድ ነገር ማለቱ ነው፤ ቫይረሱ በደሙ አለ፣ መድኃኒቱን ይወስዳል። ዕድሜ ልክ አለ፣ አላቋረጥሁም አለ፣ ተቀበልሁ አለ። ምን ቀረ? ውቢት ማጣሪያ ላይ ተቀመጠች። ያለቀሰችው ስለ በሽታው አይመስለኝም። እንዲህ ያለውን ነገር ለማንም ያልተናገረ ሰው ለእሷ ስለነገራት ነው። ሁለት ዓመት ብቻውን እንደተሸከመው አሰበች።

በነጋታው የሄደችው ወደ እትየ ጥሩአየሁ ነው። እትየ ጥሩአየሁ ጤና ጣቢያው በር ላይ በራኩባ፣ በሣር ዳስ ጥላ ሥር ከርከዴ ይሸጣሉ፤ ያጎቷ የደሞዝ ሚስት ነበሩ። ደሞዝ የአቶ አዱኛ ታናሽ ወንድምና የመጀመሪያ ትራክተራቸው ሹፌር ነበር። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት፣ መድኃኒቱ መተማ ሊደርስ አንድ ክረምት ሲቀረው ሞተ። አቶ አዱኛ ለለቅሶ ለመጣው ሁሉ "ወባ ነው" አሉ። እትየ ጥሩአየሁ ግን መድኃኒቱን ጀመሩ፣ ወፈሩ፣ ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም ስለ ኤችአይቪ ማስተማር ያዙ። አቶ አዱኛ ያን ጊዜ የዘጉትን አፍ እስካሁን አልከፈቱላቸውም። ሲያገኟቸው መንገድ ይሻገራሉ፤ መተማ ውስጥ ደግሞ የሚሻገሩት መንገድ አንድ ብቻ ስለሆነ ወዲያና ወዲህ ሲሉ ይውላሉ።

ውቢት ክኒን የሚውጥ ሰው ማግባት ይችል እንደሆነ ጠየቀች። እትየ ጥሩአየሁ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ።

"እኔን ሁለት ሰው ጠይቆኛል፤ እንቢ ያልሁት በመልካቸው ነው እንጂ በክኒኑ አይደለም።"

ከዚያ ቁም ነገሩን ነገሯት። ክኒኑ በየቀኑ በሰዓቱ ከተዋጠ፣ ደሙም በምርመራ ታይቶ ቫይረሱ የማይታይበት ደረጃ ከወረደና እዚያው ከቆየ፣ ለትዳር ጓደኛ በግንኙነት አይተላለፍም። ልጅም ይወለዳል፤ ከሐኪም ጋር እየተመካከሩ ነው እንጂ በድፍረት አይደለም። ውቢት በጥሞና ሰማች። ነገሩ ከምታውቀው አልራቀባትም፤ ዘይቱ በሰዓቱ የተቀየረለት ትራክተር ከባለቤቱ ይተርፋል። ልቧ ቀለል ሲላት ስሙን ልትናገር አፏን ከፈተች። እትየ ጥሩአየሁ በከርከዴ እጃቸው አፏን ያዙት።

"ስም እንዳትጠሪብኝ። ስም ከሰማሁ ነው ወይም አይደለም ማለት ያምረኛል፤ ሁለቱም ክልክል ነው።"

እንግዲህ ያን ስም ቢሰሙስ ምን ይሉ ነበር? ክትትል የሚመጣውን ሰው ሁሉ በዓይናቸው የሚያውቁት ሴት ምንም አይሉም ነበር። ሕግ አክባሪነት አንዳንዴ ሰው ይጎዳል። ውቢት ከንፈሯ እንደቀላ ወደ መደብሯ ተመለሰች፤ ደብዳቤውን የመለዋወጫው መጽሐፍ ውስጥ መልሳ አስቀመጠች፤ አገባዋለሁ አለች በልቧ። የሚያስፈራት አባቷ ብቻ ነበሩ።

አቶ አዱኛ በማግስቱ የአንድ ቺንጊያ ቁጥር ሊያዩ ያን መጽሐፍ ገለጡት። ምን እንዳገኙ አልደግመውም። ልጃቸውን አልተቆጧትም፤ አብደራፊ ያለው የሰሊጥ መጋዘን ሰው ይፈልጋል ብለው የዚያኑ ቀን በጭነት መኪና ላኳት። አብደራፊ ኔትወርክ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲያኮርፍ ሳምንት ይቀራል፤ ያን ሳምንት አኩርፎ ነበር።

እሁድ ሐጂ ሐሚድ ሽማግሌዎቻቸውን አስከትለው፣ አዲስ ጀላቢያ ለብሰው ደረሱ። በዚህ ጊዜ ስለ ቅኝት የሚጠየቁት ነገር ቢኖር በደንብ አጥንተዋል። አቶ አዱኛ ግን ቅኝትን አላነሱም።

"ልጁ ክትትል ላይ ነው" አሏቸው።

"አዱኛ ወንድሜ፣ ክትትልማ ሥራው ነው" አሉ ሐጂ ሐሚድ፣ ጥያቄው እንደቀለላቸው ደስ ብሏቸው።

"ሥራው ቅኝት ነው ብላችሁ ክረምቱን ሙሉ አስተምራችሁኝ የለም ወይ?"

ሐጂ ሐሚድ ይህን አላጠኑም። አቶ አዱኛ ደብዳቤውን አውጥተው አነበቡላቸው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ እነሱም የመተማ ሰዎች ናቸው። በመጨረሻ አቶ አዱኛ የመጨረሻ ቃላቸውን ሰጡ። መስከረም ሃያ ስድስት፣ አጫጆቹ ወደ ማሳ ከመውጣታቸው በፊት፣ ጤና ጣቢያው የምርመራ ድንኳን የሚተክለው በእሳቸው ግቢ ነው። ባንተአምላክ እዚያው ይመርመር፤ ወረቀቱን በሰው ሁሉ ፊት ያሳያቸው። ነጻ ከሆነ ልጃቸውን ይሰጣሉ። ካላሳየ ደግሞ ሽማግሌ አይላክ፣ ኸላስ፣ አበቃ።

ባንተአምላክ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ደብዳቤውን በቃሉ ወጣው፤ እያንዳንዷን መስመር በአቶ አዱኛ ጆሮ ሰማት፤ ቀጥሎም በውቢት ጆሮ። ቁጭ አለ። ወዲያው የማስተካከያ ደብዳቤ እጽፋለሁ ብሎ ወረቀት ሲስብ ሪሐና እስክሪብቶውን ነጠቀችው።

"ባክህ፣ በምታምነው ሁሉ፣ ሌላ ደብዳቤ አትጻፍ።"

ስልክ ደወለ፤ አብደራፊ አልመለሰም። ቀላሉ መንገድ ግልጽ ነበር፤ ሩብ ሰዓት የማይሞላ ምርመራ ነው። ባንተአምላክ ግን ግድግዳው ላይ ያለውን መስመር ሲያይ አመሸ። አምና በዚሁ ወቅት ቁልቁል የወረደች አንዲት ቦታ አለች፤ ዓይኑ እዚያች ላይ ቀረ። ውቢትን ማጣት ማለት ምን እንደሆነ ደግሞ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

መስከረም ሃያ ስድስት ጠዋት የአቶ አዱኛ ግቢ ሞላ። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደጋው ጎንደር የወረዱ ከሁለት መቶ የማያንሱ አጫጆች ማጭዳቸውን ታቅፈው ከትራክተሮቹ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ድንኳኑ በአንድ ጥግ ተተክሏል፤ ሪሐናና አንድ ነርስ ውስጥ ናቸው፤ እትየ ጥሩአየሁ ለማስተማር በሩ ላይ ቆመዋል፤ ሐጂ ሐሚድም መጨረሻውን ሊያዩ መጥተዋል። ባንተአምላክ አረንጓዴ ሸሚዝ ለብሶ፣ በሞተሩ ሳጥን አንድ የወተት ዱቄት ጣሳ ጭኖ መጣ። ጣሳው ለምን እንደሆነ የጠየቀው የለም።

አቶ አዱኛ ከመጋዘኑ በር ወጥተው ፊት ለፊቱ ቆሙ። ገብቶ እንዲመረመርና ወረቀቱን ይዞ እንዲወጣ ነገሩት። የአጫጆቹ አለቃ የሆነው ወኪል ከኋላቸው ቆሞ ራሱን በአዎንታ ይነቀንቃል።

ባንተአምላክ አጫጆቹን አየ። አጫጆቹም እሱን ያያሉ። አንዳንዶቹ መነሣት ጀምረዋል፤ ወደ ድንኳኑ ሳይሆን ወደ በሩ።

"ጋሸ፣ እገባለሁ" አለ። "ወረቀት ይዠ ግን አልወጣም።"

"ለምን? የምትደብቀው ነገር አለ?"

"እኔ ዛሬ ወረቀት ካሳየሁ ነገ ወኪልዎ እነዚህን ሁሉ ወረቀት ይጠይቃል። አምና አንድ ሌላ ግቢ እንዲህ ተደረገ። ያላሳየ አያጭድም ተባለ። በሳምንቱ አንድ ሰው አልተመረመረም። የኔ ቁጥር ዜሮ ሆነ፣ መስመሩ ወረደ፣ ከላይ የምስጋና ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ሰዎቹ ግን አልዳኑም፤ ተደበቁ እንጂ። እኔ ውቢትን እፈልጋታለሁ፤ ከምንም ነገር አብልጨ። ግን ይህን ሁሉ ሰው እንዲደበቅ አድርጌ አላገኛትም።"

ባንተአምላክ በሕይወቱ ያን ያህል ተናግሮ አያውቅም። አቶ አዱኛ ፊታቸው ተለዋወጠ፤ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ያን ጊዜ በግቢው በር ሰሊጥ የጫነ መኪና ገባና ከጋቢናው ውቢት ወረደች። የአባቷን ቃል ከሹፌሮች ሰምታ፣ ከአብደራፊ ድረስ አቧራ ጠጥታ ነው የመጣችው፤ ሻሿ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው አይታወቅም። አባቷን አልፋ ባንተአምላክ ፊት ቆመች።

"ደብዳቤህን አነበብሁት" አለችው። "ጠይቄያለሁም። ክኒንህን በሰዓቱ ከዋጥህ፣ ክትትልህን ካላቋረጥህ፣ እኔ አገባሃለሁ። ሰዓቱን እኔ አስታውስሃለሁ። ዘይት መቀየሪያ ሰዓት ረስቼ አላውቅም።"

ማንም አልሳቀም። ይቺ ልጅ ያፈቀረችው ባንተአምላክ ሊጽፈው ያላሰበውን ሰው ነው፤ ያን ሰው ግን በሙሉ ልቧ ወዳዋለች። ከዚህ በላይ የሚወደድ ሰው አለ? የባንተአምላክ ዓይን እንባ ሞላ። ወደ ሞተሩ ሄዶ ጣሳውን አመጣና ከነክዳኑ ሰጣት።

"ክትትሉ ይኸ ነው" አለ።

ውቢት ክዳኑን ከፈተች። አርባ አንድ ብሎን። እያንዳንዱ በክር የታሰረች የናሙና መለያ ወረቀት አለችው፤ በየወረቀቱ ላይ ቀንና ማስታወሻ። አንዱን አነሣች። "ታኅሣሥ 3። ቢጫ ሻሽ። ቀና አላለችም።" ሌላውን። "ታኅሣሥ 21። ቢጫ ሻሽ። ቀና አለች፤ ለኔ ሳይሆን ለዝንቡ።" ሌላውን። "የካቲት 8። ሳቀች። መንሥኤው በመጣራት ላይ ነው።" ብሎን የሌላት አንዲት ወረቀትም ነበረች። "ሐምሌ 1። መደብሩ ዝግ። መረጃ የለም። ከባድ ቀን።"

አርባ አንዱንም አላነበበችም፤ ዓይኗ እምቢ አላት። ከዚያ አንዱን ብሎን ወደ ብርሃን አዙራ አየችውና ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ምስጢር አወጣች።

"ይህ የትራክተር ብሎን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የትራክተር ብሎን ስሸጥልህ አንድ ቀን እንኳ ሞተርህ ላይ አልሞከርኸውም ወይ?"

"አልሞከርሁትም" አለ ባንተአምላክ።

"እኔም እንዳትሞክረው ብየ ነው የሰጠሁህ። ልኩን ካገኘህ መምጣት ትተዋለህ ብየ።"

አንድ የወሎ አጫጅ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ግቢው በሙሉ። አቶ አዱኛ ብቻ አልሳቁም። ወደ ልጃቸው ሁለት እርምጃ ተጠጉ፤ ሲናገሩ ድምፃቸው የባለ ትራክተር ድምፅ አልነበረም።

"ልጀ፣ እኔ ደሞዝን ያየሁ ሰው ነኝ። በዚህች እጄ ነው ውኃ ያጠጣሁት። ክትትል ላይ ነኝ የሚል ወረቀት ሳይ አንችን በዚያ አልጋ ላይ አየሁሽ።" ኮፍያቸውን አወለቁ። "ሰው ምን ይለኛል ብየ ወንድሜን በወባ አስቆጠርሁት።"

የባንተአምላክ እጅ ወደ ኪሱ እስክሪብቶ ሄዳ ነበር፤ የአሥራ ስምንት ዓመት የመዝገብ ስሕተት ሰምቶ ሊያርም፣ ሳያስበው ነው። አፈረና መለሳት።

እትየ ጥሩአየሁ ከድንኳኑ በር መጡ። አቶ አዱኛ የሚሻገሩት መንገድ አልነበረም፤ ኋላቸው ትራክተር ነው።

"አያ አዱኛ፣ እኔም ያን አልጋ አይቸዋለሁ" አሏቸው። "ግን እኔን ደግሞ ይዩኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ክኒን ስውጥ የጨመርሁት ኪሎ ነው። ልጁ ይኑርበት አይኑርበት እኔ አልናገርም፤ ልጅትዋ ግን ቢኖርበትም እያለች ነው። ከዚህ በላይ ምን ዓይነት ወረቀት ይፈልጋሉ?"

አቶ አዱኛ ለረጅም ጊዜ ዓይን ለዓይን ያላዩዋቸውን ሴት አዩ። ከዚያ ወደ ወኪሉ ዞረው፣ ከዛሬ ጀምሮ በእሳቸው ማሳ ማንንም ወረቀት የሚጠይቅ ሰው ራሱ ማጭድ ይዞ እንደሚያጭድ ነገሩት። ሰሚው ወኪሉ ብቻ አልነበረም። ወደ በሩ ያመሩት አጫጆች ቆሙ።

ውቢትና ባንተአምላክ አብረው ወደ ድንኳኑ ገቡ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አብረው ወጡ። እጃቸው ላይ ወረቀት አልነበረም፤ የያዙት አንዱ የሌላውን እጅ ነው። ውጤቱ ምን ነበር የምትሉ ካላችሁ እኔም አላውቅም፤ ባውቅም አልነግራችሁም፤ ይህን ያህል ገጽ አብረን መጥተን ካልገባችሁ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሲወጡ ድንኳኑ በር ላይ ሰልፍ ነበር። ከሰልፉ ፊት፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ አቶ አዱኛ ቆመዋል። እትየ ጥሩአየሁ ከጎናቸው ሆነው ስለ መርፌው አይዞዎት ይሏቸዋል። ሐጂ ሐሚድም ጀላቢያቸውን ሰብስበው ሁለተኛ ናቸው፤ ወላሂ ወደዚህ ግቢ አራተኛ ጊዜ የምመጣው ለሰርግ ብቻ ነው እያሉ።

ባንተአምላክ ሰልፉን ቆጠረ፤ ልማድ ነው። መቶ ስልሳ አራት። የዚህ ሳምንት መስመር ወደ ላይ ሊወጣ ነው፤ ከላይ ደውለው ምን ሆናችሁ ሊሉት ነው፤ እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ በወጣ መስመር ደስ ሊለው ነው። የነበረው ሁሉ አሁን ሊታይ፣ የታየውም ሊታከም ነው። ይህን ለውቢት ሊያስረዳት ዞረ።

ውቢት በግቢው ራኩባ ሥር ተቀምጣ ጣሳውን ጭኗ ላይ አድርጋለች። ከኪሷ አንዲት ትንሽ ብሎን አወጣች። የሞተር ብስክሌት ናት፤ ልኳ። እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ ሳትጠይቅ ወሰደችና አባቷ ከመለሱላት ደብዳቤ ጫፍ ቁራጭ ቀድዳ አንድ ነገር ጻፈች፤ ወረቀቷን ብሎኗ ላይ በክር አሰረችና ጣሳው ውስጥ ከሌሎቹ በላይ አኖረቻት።

ጎንበስ ብሎ አነበበው። የእሷ ጽሕፈት ከእሱ ያምራል።

"መስከረም 26። አረንጓዴ ሸሚዝ። አለቀሰ።"